ፓስፖርቱ የሚጀምረው ከቀበሌ ነው

ጋብቻ ወንዝና ድንበር መሻገር ከጀመረ ቆይቷል። የእንጅባራና የዳንግላ ልጆች ለሥራ ወደ ሱዳን፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። የሄደ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ብቻውን አይመለስም። ወንዱ በዚያ ያገባትን ሚስት ይዞ ይመጣል፤ ሴቷም በዚያ የወለደችውን ልጅ አዝላ ትመጣለች። በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ለዓመታት እዚያ የኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በመተማ በኩል ተመልሰዋል።

እንግዲህ ሙሽራዋ ከውጭ አገር መጥታ አማቷ ቤት ስትገባ፣ ጎረቤት ቡና ላይ የሚነጋገረው ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንዷ «ካገባት አበቃ፤ ከእንግዲህ ኢትዮጵያዊት ናት» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ ከስደት የተመለሰችውን እናት እያየች «ልጁማ ያባቱ አገር ሰው ነው፤ እዚህ ወረቀት ማን ይሰጠዋል?» ትላለች። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስሕተቱ በቡና ወሬነት ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በዚህ ስሕተት ምክንያት ወረቀቷን ሳትይዝ ዓመታት የምታሳልፍ ሚስትና ትምህርት ቤት ሲጠየቅ የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ስለሚገኙ ዛሬ ጉዳዩን ከሥሩ እናያለን።

ጎረቤቶቻችን ያንን ሐሳብ ከሜዳ አላነሡትም፤ የድሮ ሕግ ትዝታ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፣ ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ብቻ ኢትዮጵያዊት እንድትሆን ያደርግ ነበር። የውጭ አገር ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት ደግሞ የባሏ አገር ሕግ ዜግነቱን የሚሰጣት ከሆነ የራሷን ታጣ ነበር። ሕጉ ሴትን ከባሏ ጥላ ነጥሎ አላያትም ማለት ነው። ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረግ ማናቸውንም ልዩነት ለማስወገድ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ1973 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ያ ስምምነት ሴት ልጅ በዜግነት ጉዳይ ከወንድ እኩል መብት እንዲኖራት ይደነግጋል። ያም ሆኖ አሮጌው የዜግነት ሕግ በአዲስ አዋጅ እስኪተካ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል።

ዛሬ የሚሠራው ሌላ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 መሠረት ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም፤ ከውጭ አገር ሰው ጋር የሚደረግ ጋብቻም ዜግነትን አያስቀርም። አንቀጽ 6 ደግሞ ከወላጆቹ አንዱ፣ አባትም ይሁን እናት፣ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ይናገራል። ታኅሣሥ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ይህንኑ ዘርዝሮ አስቀመጠው። ስለዚህ ጋብቻ የአገራችንን ሴት ዜግነት አይወስድባትም። ለመጣችውም ሙሽራ በሠርጉ ማግሥት ዜግነት አይሰጣትም፤ ማመልከት አለባት።

ማመልከቻው ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንደኛው በኑሮ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢያንስ አራት ዓመት የኖረ፣ በቂና ሕጋዊ ገቢ ያለው፣ መልካም ጠባይና ከወንጀል የጸዳ ታሪክ ያለው ሰው የሚሄድበት ነው። እዚህ ላይ ለአዊ ሰው ጆሮ ደስ የሚል አንድ ነገር አለ። የ1922ቱ ሕግ አመልካቹ አማርኛን አጥርቶ እንዲናገርና እንዲጽፍ ይፈልግ ነበር። የ1996ቱ አዋጅ ግን ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻልን ብቻ ይጠይቃል። እንግዲያስ እንጅባራ ገበያ ድንች ስትገዛና ስትሸጥ አውኚ የለመደች ሴት፣ አማርኛዋ ቢንተባተብ እንኳ በሕግ ፊት ቋንቋ የላትም አትባልም።

ሁለተኛው መንገድ በትዳር ነው፤ ይኸኛው ቀለል ይላል። ጋብቻው በሕግ የጸና ሆኖ ከተፈጸመ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሊሞላው፣ አመልካቿም ከማመልከቷ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ኖራ ልትገኝ ይገባል። ለአካለ መጠን መድረስ፣ ከቀድሞ ዜግነት መለቀቅና የታማኝነት ቃለ መሐላ በዚህም መንገድ አይቀሩም። ይህ መንገድ ለወንድም እኩል ክፍት ነው። ኢትዮጵያዊት ያገባ የውጭ አገር ሰው በሚስቱ በኩል ማመልከት ይችላል።

ታዲያ ችግሩ የሚነሣው «ሁለት ዓመት» ከምትለው ቃል ላይ ነው። ሁለት ዓመቱ ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል? ማንስ ይመሰክራል? በአገራችን ብዙ ትዳር የሚመሠረተው በሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይጣላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወገን በልቶና ጠጥቶ ይመርቃል። ሕጉም በባህልና በሃይማኖት የሚፈጸም ጋብቻን አይንቅም፤ ያውቀዋል። ነገር ግን መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይፈልጋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ሲሆን፣ ጋብቻ በ30 ቀን፣ ልደት ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ምዝገባው የሚከናወነው ቀበሌ ነው። ይህን ሁሉ ሰው የሚያልፈው «ዛሬ ነገ» እያለ ነው። ሙሽራው ሥራ ይይዘዋል፤ ሙሽራዋም ባገሩ እንግዳ ስለሆነች ቀበሌው የት እንዳለ አታውቅም፤ ማንም አይነግራትም።

ይህ ሲዘገይ የሚጎዳው ማን እንደሆነ አስቡ። ባልየው ቢመዘገብም ባይመዘገብም ዜጋ ነው። እሷ ግን ጋብቻው በመዝገብ ካልሰፈረ ለሕጉ ሚስት መሆኗን ማሳየት ይከብዳታል። ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ቢጣሉ፣ ወይም እሱ ቢሞት፣ በእጇ የቀረው የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት የውጭ አገር ፓስፖርት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሠርግ ፎቶግራፍ ደስ ይላል፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀትን ግን አይተካም። ስለዚህ አማቾችና የባል እኅቶች፣ ሙሽራዋን ወጥ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት ቀበሌ አድርሷት። በዓመት በዓል ልብስ ከምትገዙላት ይህን ብታደርጉላት ይበልጣል። ጊዜው ካለፈም ቢሆን ዘግይቶ የሚደረግ ምዝገባ ስላለ፣ ሠርጉን ያዩ ምስክሮች ይዞ ሄዶ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን ራሱ በመዝገቡ እንዲሰፍር መጠየቅ ነው። ምስክር ወረቀቱም በባል ሣጥን ውስጥ ብቻ ተቆልፎ አይቀመጥ፤ እሷም ዋናውን የምታገኝበት ቦታ ይኑር።

ከቀድሞ ዜግነት የመለቀቁም ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት በአንድ ጊዜ አትፈቅድም። ሕጉ የሚለው፣ አመልካቿ ከቀድሞ ዜግነቷ የተለቀቀች፣ ወይም የኢትዮጵያን ስታገኝ ልትለቀቅ የምትችል፣ ወይም ከመጀመሪያውም አገር አልባ መሆኗን ታሳይ ነው። አንዳንዷ ለባሏ ቤተሰብ ፍቅሯን ለማሳየት ስትል የአገሯን ፓስፖርት ቸኩላ ትመልሳለች። ይህ ከሁለት ያጣ ጎመን መሆን ነው። ማመልከቻዋ የት እንደደረሰና መቼ መልቀቅ እንዳለባት ከመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ሳታውቅ የያዘችውን አትልቀቅ። የመኖሪያ ፈቃዷንም እስከዚያው ድረስ በየጊዜው ታድስ።

ማመልከቻውን የሚቀበለው አዲስ አበባ ያለው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ የዜግነት ጉዳይ ኮሚቴ ይመረምረዋል። ሲፈቀድላትም ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ታማኝ ዜጋ እንደምትሆንና ሕገ መንግሥቱን እንደምታከብር ቃለ መሐላ ትፈጽማለች፤ የዜግነት ምስክር ወረቀትም ይሰጣታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ መብቷ ከማንኛውም ዜጋ እኩል ነው። ከባሏ ብትፋታ ወይም ባሏ ቢሞት እንኳ ዜግነቷ አብሮ አይሄድም።

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ፤ የብዙ እናት ጭንቀት ያለው እዚህ ነውና። አባቱ የአዊ ሰው፣ እናቱ የውጭ አገር ሰው የሆነች ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የእናቱን ማመልከቻ ውጤት አይጠብቅም። እናቱ የዳንግላ ልጅ፣ አባቱ ሱዳናዊ ወይም ሊባኖሳዊ የሆነም እንዲሁ። ይህን ደግመን የምንለው በምክንያት ነው። ዛሬም በዓለም ላይ ከ20 በሚበልጡ አገሮች እናት ለልጇ ዜግነቷን ከአባት እኩል አታስተላልፍም። ሊባኖስ፣ ኩዌት፣ ቃጠርና ሳዑዲ ዓረቢያ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በእነዚያ አገሮች በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች እናት እዚያ የለመደችውን ሕግ እዚህም ያለ ይመስላታል፤ አባቱ ያልተቀበለውን ልጅ ይዛ ወደ ቀበሌ ለመሄድ ታፍራለች። ምንም የሚያሳፍር የለበትም። ልጁ በእናቱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የሚያስፈልገው የልደት ምዝገባ እንጂ የዜግነት ማመልከቻ አይደለም። የውጭ አገር የልደት ወረቀት ካለው እሱን፣ ከሌለው ያላትን የሆስፒታል ወረቀትና የራሷን መታወቂያ ይዛ ትሂድ።

ሦስተኛው ዓይነት ልጅ፣ ሙሽራዋ ከዚህ በፊት ከሌላ የወለደችው ነው። እሷ ኢትዮጵያዊት በመሆኗ ብቻ እሱ ወዲያውኑ ኢትዮጵያዊ አይሆንም። ነገር ግን ለአካለ መጠን ያልደረሰና ከእሷ ጋር ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ከሆነ ልታመለክትለት ትችላለች። የእንጀራ አባቱ ቤተሰብ ይህን ረስቶ የራሱን ልጆች ብቻ ሲያስመዘግብ ያኛው ልጅ ጠረፍ ላይ እንደቀረ ያህል ነው።

ከሁሉም የሚረሳው የሁለት አገር ልጅ ነገር ነው። በመወለዱ የውጭ ዜግነትም ያለው ልጅ፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላኛውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ለመሥሪያ ቤቱ ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። አሥራ ስምንተኛ ዓመት ልደቱን ኬክ ቆርሳችሁ ስታከብሩ ይህቺን ነገር በቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፉለት። ምርጫው የእሱ ነው፤ ሳያውቅ እንዳያልፍበት ግን ማስታወስ የእናት ነው።

ዳንግላ ራሷ ለውጭ አገር ወረቀት እንግዳ አይደለችም። ከ1917 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል የእንግሊዝ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማን መቀመጫው እዚያው ዳንግላ ነበር። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ ያዘጋጀውም ከዚያ እየተነሣ በበቅሎና በእግር አገሩን ዞሮ ነው። ዛሬ ለዳንግላ እናት የሚያስፈልጋት ቆንስላ አይደለም፤ የቀበሌዋ መዝገብ ሹም ነው።

የዜግነት ምስክር ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ የመጀመሪያው ፓስፖርት ይከተላል። ብዙዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ያያሉ፤ አይደሉም። ምስክር ወረቀቱ ዜጋ መሆኗን ይናገራል፤ ፓስፖርቱ ያ ዜግነት ከአገር ውጭ የሚታወቅበት ሰነድ ነው። በመካከላቸው ደግሞ የቀበሌ መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት አለ። ከውጭ የመጣው የልደት ወረቀቷ በአገሯ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተረጋግጦ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታይቶ፣ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ የተተረጎመ ቢሆን ይመረጣል። ይህ ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ፣ ዘመድ በዚያ አገር ካላት ገና ማመልከቻውን ስታስገባ ጀምራ ታስልክ።

በብዙ ሰው ላይ የሚደርሰው ዕንቅፋት ግን ከሕግ ሳይሆን ከስም አጻጻፍ የሚመጣ ነው። በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ከሌላ አገር የመጣች ሴት ግን የቤተሰብ ስም፣ አንዳንድ ጊዜም የባል ስም ይኖራታል። አንዱ ጸሐፊ የባሏን ስም እንደ አባት ስም ይጽፍባታል፤ ሌላው የቤተሰቡን ስም አያት ያደርገዋል። አንዱ ወረቀት ፋጡማ፣ ሁለተኛው ፋጢማ ካለ ደግሞ ሁለት ሴቶች ሆነው ይታያሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሦስቱን ስም በአማርኛና በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ጊዜ ወስና በወረቀት ትያዝ፤ በጋብቻ ምዝገባም፣ በመታወቂያም፣ በፋይዳም፣ በዜግነት ምስክር ወረቀትም ያንኑ ታስጽፍ። በተጣመመው ላይ ሌላ ወረቀት ከመደረቡ በፊት ማረም ይሻላል።

የልደት ቀንም እንደዚሁ። ብዙ ሰው ከእኛ ዓመት ላይ ስምንት ደምሮ የፈረንጁን አገኘሁ ይላል። እንዲህ አይደለም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ዲሴምበር 29 ቀን 1997 ነው፤ አምስት ቀን ዘግይቶ ታኅሣሥ 25 የተወለደው ደግሞ ጃንዋሪ 3 ቀን 1998 ይሆናል። በአንድ ወር ውስጥ ልዩነቱ ከሰባት ወደ ስምንት ዘለለ ማለት ነው። በውጭ አገር ለተወለደች ሴትና ልጅ ችግሩ ወዲህ ማዶ ነው፤ የፈረንጁ ቀን ወደ እኛ ሲመለስ እንዳይዛባ በቀን መቁጠሪያ አመሳክሩት።

ወረቀቱ ከተሟላ፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት ተሞልቶ ቀጠሮ ይያዛል፤ በቀጠሮው ቀን ባለጉዳይዋ ራሷ ዋና ዋና ሰነዶቿን ይዛ ትቀርባለች፤ ፎቶግራፍ ትነሣለች፣ አሻራ ትሰጣለች። ለአዊ ቅርብ የሆነው ባሕር ዳር ያለው ቅርንጫፍ ነው፤ ከዳንግላ 80፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት መኖራቸውን ስላያችሁ፣ የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ከመነሣት ዋዜማውን ዘመድ ቤት ማደር ይበጃል። ሠራተኛ የሆናችሁ ደግሞ ፈቃድ ስትጠይቁ የአንድ ቀን ብቻ አትጠይቁ። ክፍያው በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ለመደበኛው ፓስፖርት 5 ሺህ ብር ደርሶ ነበር፤ አስቸኳዩ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ጉዞ ሳይደርስባችሁ ረጋ ብላችሁ ማውጣቱ ለቤት ወጪ ይቆጥባል። የካቲት 2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አዲሱ ፓስፖርት የባለቤቱን መረጃ የያዘ ኤሌክትሮኒክ ቺፕ አለው፤ በእሱ ላይ የተዛባ ስም ማረም በእስክሪብቶ ፊደል እንደመቀጠል አይሆንም።

በር ላይ ቆሞ «እኔ ልጨርስልሽ» የሚል ሰው አይጠፋም። ገንዘቡን የሚቀበለው ለመስኮቱ መንገድ ለማሳየት ብቻ ከሆነ ብሩን ነው ያጣችሁት። የልደት ወረቀት ልሥራልሽ ያለ እንደሆነ ግን የሚያስጠይቀው እናንተን ነው። በተለይ የትውልድ ቦታ ላይ ይህ ይመጣል። «እንጅባራ ብለሽ አስጽፊ፤ ጥያቄ አይበዛብሽም» ይሏታል። አታስጽፍ። ካርቱም ከተወለደች ካርቱም፣ ቤይሩት ከተወለደች ቤይሩት ይባል፤ ዜግነቱን በሕግ ያገኘችው ናትና የትውልድ ቦታዋ ውጭ አገር መሆኑ ከምስክር ወረቀቷ ጋር ይስማማል። እንጅባራ የሚለው ግን ከሌላው ወረቀቷ ሁሉ ጋር ይጣላል።

ፓስፖርቱን ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ ክፈቱት። ስሙን ፊደል በፊደል፣ የልደቱን ቀን፣ ጾታውንና የትውልድ ቦታውን ከያዛችሁት ወረቀት ጋር አስተያዩ። ስሕተት ካለ እዚያው ተናገሩ፤ ሰልፉ ቢያጉረመርም ግድ የለም። ቤት ስትደርሱም የዜግነቱን ምስክር ወረቀትና ፓስፖርቱን በአንድ ሣጥን አታኑሩ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመሰክራልና። የሁለቱን ኮፒ ደግሞ ለባል እኅት ወይም ለምታምኗት ጎረቤት በፖስታ አሽጋችሁ ስጧት።